የቸርኬ ቀለም ተጨማደደብኝ፣ መኪናው ነገ ጠዋት ይወጣል

ባለ6ጎማ፦ ወገን አስቸኳይ ነው! የጭነት መኪና ቸርኬ ዝገቱን አንስቼ ቀባሁ። ሁለተኛውን ዙር ስረጭበት ወዲያው ተነፋፍቶ ተጨማደደ። አራቱ እንዲህ ሆነዋል፣ ሁለቱ ገና አልተነኩም። ቀለሙ የተበላሸ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ቀለም ከላይ ብደርብበት ይሸፍነዋል?

ክሪክ፦ ቸርኬው ብረት ነው አልሙኒየም? ከሥር ምን ቀባህ? ከላይስ? ጎማው ከቸርኬው ወልቋል?

ቀልደኛው፦ የአዞ ቆዳ ዲዛይን ነው በልና ዋጋ ጨምርበት።

መምህሩ፦ ቀለም ማለት ዝግጅት ነው። መጀመሪያ ግራሶና የፍሬን ዱቄት በሳሙና ውሃ ይታጠባል፤ ሳይታጠብ በሽቦ ብሩሽ ከተፈተገ ቅባቱ ዝገቱ ወደቆፈረው ጉድጓድ ይገባል፣ እዚያ ላይ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ የ80ውን ጭረት ለማጥፋት 180፣ ከፕራይመር (ከሥር ከሚቀባው ቀለም) በኋላ 320። የማይደረስበትን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት ማጥፊያ ይቀቡታል፤ ጣሳው ላይ እጠቡት ካለ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ከዚያ ቀጫጭን ዙር ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ መርጨት...

ክሪክ፦ መምህር፣ ልክ ነህ፤ ግን ሰውዬው ቀብቶ ጨርሷል እኮ።

ባለ6ጎማ፦ ብረት ነው። ጠዋት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) በብሩሽ፣ ከሰዓት ኒትሮ (ቶሎ የሚደርቀው ቀለም) በኮምፕሬሰር። ጎማው አልወለቀም፣ በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኜው ነው።

ስፓቱላ፦ በቃ ተገኘ። ቀለሙ ምንም አልሆነም። አንቲረስቱ ሲንተቲክ ነው፣ ቀስ ብሎ የሚደርቅ የዘይት ቀለም ማለት ነው፤ በጣት ሲነካ የደረቀ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ገና ለስላሳ ነው። የኒትሮ ቲነር ኃይለኛ ስለሆነ ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ደግሞ ከብረቱ ይላቀቃል። አሁን ምንም ብትደርብበት አብሮ ይነሳል። መፍትሔው መላጥ ነው። ጨርቅ በኒትሮ ቲነር አርሰህ ለጥፍበት፣ እንዳይተን በፕላስቲክ ሸፍነው፣ 10 ደቂቃ ቆይተህ በስፓቱላ ፋቀው። ቲነሩ ጎማውን እንዳይነካ ተጠንቀቅ። በብርጭቆ ወረቀት አትጀምር፤ ለስላሳ ቀለም ወረቀቱን ይሞላዋል። ቲነሩ ተኖ ሳያልቅ ግራይንደር እንዳታስነሳ፣ ፍንጣሪው ያቀጣጥለዋል። ስትደግመው ሲንተቲክ ላይ ሲንተቲክ። ኒትሮ ካልሆነ አልቀባም ካልክ ከሥር ባለ ማጠንከሪያ ኤፖክሲ ፕራይመር አድርግ፤ ቀጣዩን ዙር መቼ እንደምትረጭ ጣሳው ላይ ተጽፏል።

ዳዶ፦ ቲነር ነክረህ ፋቀው ወንድሜ፣ ይለቃል።

ቀልደኛው፦ ዳዶ እንደ ሁልጊዜው ከላይ ያለውን ሳያነብ ገባ።

ፈጣን፦ ጊዜ ከሌለህ በጋዝ እሳት አድርቀው፣ ቶሎ ይጠነክራል።

ክሪክ፦ እንዳታደርገው!! ጎማው ያልወለቀ ቸርኬ በእሳት አይሞቅም፣ አይበየድም። ጎማው ከውስጥ ሲግል ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ አየሩ የወጣለት ጎማ እንኳ ሊፈነዳ ይችላል። ሰው ይገድላል።

ሞዞ፦ እኔ የምለው፣ ነገ ለሚወጣ መኪና ዛሬ ማታ ቀለም ምን ያደርግለታል? መልኩ ይቆይ። የተጨማደደው በውጭ ፊቱ ላይ ከሆነ ማንንም አይጎዳም። የሚያስፈራው ሌላ ቦታ ነው፦ ቸርኬው ከሞዞ (ቸርኬው ከሚታሰርበት የአክስል ጫፍ) ጋር የሚገጥምበት ፊት፣ የኋላ ሁለቱ ቸርኬዎች እርስ በርስ የሚነካኩበትና ዳዶው (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው) የሚያርፍበት። እዚያ ወፍራም ቀለም ካለ ዳዶው የጠበቀ ይመስልሃል፤ መኪናው ሲሄድ ግን ቀለሙ ይደቃል፣ ጥብቀቱ ይላላል፣ ብሎን ይቆረጣል፣ ጎማ ይወልቃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ እነዚያን ቦታዎች ብቻ እስከ ብረቱ ድረስ ላጥና በሽቦ ብሩሽ አጽዳ። ነገሩ ሲረጋ ብትቀባቸው እንኳ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ አንድ ስስ ዙር ይበቃል፣ እሱም በደንብ ከደረቀ።

ባለ6ጎማ፦ ሞዞ፣ እኔ እኮ አራቱንም ሙሉ በሙሉ ነው የቀባኋቸው፣ የዳዶውን ቦታም ጭምር 😩

ሞዞ፦ እንግዲያው ሳትልጠው አትግጠመው። ስታጠብቅ በመስቀለኛ ተራ፣ በቶርክ ሬንች (የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ መፍቻ)፣ መመሪያው ላይ ባለው ቁጥር። ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ሾፌሩ ቆሞ እንደገና ይለካ። እግረ መንገድህን የብሎን ቀዳዳዎቹን እይ፦ ቀዳዳው ወደ ሞላላ ከሄደ ወይም ዙሪያው ከተሰነጠቀ ስቱኮ ሞልተህ አትቀባው፣ ያ ቸርኬ ይጣላል። ከመፍታትህ በፊት ከዳዶው ሥር የዝገት መስመር ወርዶ አይተህ ከነበረም ዳዶው ላልቶ ነበር ማለት ነው።

መምህሩ፦ የጎማው ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዝም አይረሳ። ዝገቱ እዚያ ከገባ አየር ያመልጣል፣ ጎማው ሳይወልቅ ደግሞ አይታይም።

አዲስገቢ፦ የእኔ አልሙኒየም ነው፣ ከላኩ (ከላይ ካለው የሚያብረቀርቅ ሽፋን) ሥር ነጭ ትል የመሰለ ነገር ይሄዳል። በዚሁ መንገድ ይሠራል?

ስፓቱላ፦ አይሠራም። እሱ ላኩ በተቧጨረበት በኩል እርጥበት ገብቶ ነው። ላኩ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ትል የሄደበት ሁሉ እስከ ንጹሕ አልሙኒየም ይፈተጋል። የብረት ሽቦ ብሩሽ አትጠቀም፣ ብናኙ ተሰክቶ መልሶ ያስበላዋል። ኮስቲክ ሶዳም አታስጠጋው፣ አልሙኒየሙን ራሱን ይበላዋል። ካጸዳህ በኋላ ሳታሳድር ለአልሙኒየም የሚሆን ኤፖክሲ ፕራይመር ቀባ።

ዳዶ፦ ባለ6ጎማ፣ ለቀቀልህ?