የቤዜን ፒክአፕ (ከክሩ ስር ድምፁን የሚይዘውን ማግኔት) ብቀይር ይሄ እምምም የሚለው ነገር ይጠፋል?

ቤዝ_ከመንደራ፦
ሰላም ናችሁ፣ ጅማ ነኝ፣ ሰርግ ላይ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ያለኝ ርካሽ የጃዝ ቤዝ (የፌንደር ሞዴል) ኮፒ ነው፣ ሁለት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅልል) ፒክአፕ ያለው። ዘፈኑ ጋብ ሲል ሞንታርቦው (ስፒከሩ) ውስጥ ዝዝዝና እምምም የሚል ይሰማል፣ ክሩን ስነካ ይቀንሳል እጄን ሳነሳ ይመለሳል፣ ወደ አምፑ ስጠጋ ደግሞ ይብሳል። ትዝታ ላይ ዘፋኟ ብቻዋን ስትሆን ትንፋሼን ውጬ ክሩን ይዤ ነው የምቆመው። ድምፁም ደብዛዛ ነው፣ ችክችካ ላይ ኖታዬ ይዋጣል። ብር ቆጥቤያለሁ፣ የትኛውን ፒክአፕ ልዘዝ?

ሽቦና_ብየዳ፦
ወንድሜ ብርህን ያዝና ቆይ። ሁለት ችግር ነው ያለብህ። ክር ስትነካ የሚቀንሰው ዝዝዝታ የሺልድ (የውጭ ጩኸት እንዳይገባ የሚከልል ሽፋን) ችግር ነው፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ብረት) የሚመጣው የግራውንድ ሽቦ ግን ደህና ነው ማለት ነው፣ ስትነካው ቢብስ ኖሮ እሱን ነበር የምጠረጥረው። ፒክአፖቹንና ፖቶቹን (የቮልዩምና የቶን መዞሪያዎቹን) አውጣና የእንጨቱን ጉድጓድ በሙሉ የመዳብ ፕላስተር ልበጠው፣ ቁራጮቹ እርስ በርስ ይነካኩ፣ ከግራውንድ ጋር በይደው፣ የጃኩ (ገመዱ የሚሰካበት) ሲግናል ሽቦ ግን እንዳይነካው አደራ፣ ከነካው ድምፅ ጭራሽ የለም።
እምምም የሚለው ሌላ ነው፣ እሱን ሺልድ አያጠፋውም። ሲንግል ኮይል የአምፑን ትራንስፎርመርም ይሰማል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያለው ጂ ኖታ ደግሞ 49 ኸርዝ፣ ለዛ ነው ኖታህ መሀል የሚገባብህ። ሁለቱንም ቮልዩም እስከ መጨረሻ ክፈትና ስማው፣ ከጠፋ አንዱ ፒክአፕ ከሌላው በተቃራኒ የተሠራ ነው ማለት ነው፣ እምምማቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል፣ አንዱን ትንሽ ስትቀንስ ይመለሳል።

ዝቅ_ያለ_ኢ፦
ሺልዱ ልክ ነው ግን ደብዛዛነቱስ? ክሩን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው የቀየርከው? የጅማ ዝናብና እርጥበት ላይ የሰርግ ላብ ሲጨመርበት ክር ቶሎ ይሞታል፣ የሞተ ክር ላይ ምንም ፒክአፕ ቢሆን አይዘፍንም። ከፍታውንም በካቻቢቴ አስተካክል፣ መጨረሻው ፍሬት ላይ ክሩን ተጭነህ ርቀቱን እያየህ፣ በጣም ካስጠጋኸው ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል ኖታው ይንቀጠቀጣል።
ከዛም ካልረካህ ሀም (እምምሙን) የሚያጠፋ የጃዝ ፒክአፕ አለ፣ የዲማርዚዮ ሞዴል ጄ አንዱ ነው። አክቲቭ (በድንጋይ የሚሠራ) የኢኤምጂ ፒክአፕ ከሆነ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይፈልጋል፣ ፖቶቹም ከ250 ወደ 25 ኪሎኦም ይቀየራሉ፣ ሰርግ መሀል ድንጋዩ ቢያልቅ ከየት ታመጣለህ? እኔ ፓሲቭ (ያለ ድንጋይ የሚሠራ) ነው የምመርጥልህ። ሳታዝ በፊት ግን በማስመሪያ ለካ፣ የኔክ (የአንገቱ) በኩሉ ፒክአፕ ርዝመት 92 ሚሊሜትር ገደማ ነው የብሪጁ ደግሞ 94 ገደማ፣ ኮፒዎች ላይ ሁለቱም እኩል የሆኑ አሉ።

ሳውንድ_ልጅ፦
እኔ የምለምንህ ኤክስቴንሽኑን እንድታይ ነው። ክር ስትነካ የሚቀንሰው ሰውነትህ ከግራውንዱ ጋር ስለሚገናኝ ነው፣ ሶኬቱ ኧርዝ ከሌለው ክሩን ይዘህ ከንፈርህ ማይክ ሲነካ ሊነዝርህ ይችላል፣ ሰው ይገድላል ይሄ። ሀም ለማጥፋት ብለው የኧርዙን እግር የሚቆርጡ አሉ፣ እባክህ እንዳታደርገው።

ቤዝ_ከመንደራ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። ትናንት ከፈትኩት፣ ጉድጓዱ ባዶ እንጨት ነው ምንም የለውም። ሙሉውን በመዳብ ለበጥኩት፣ ዝዝዝታው ጠፋ! እምምሙ አንዱን ብቻ ስከፍት አለ፣ ሁለቱንም ሙሉ ስከፍት የለም። ክሩን ሳወጣው እጄ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሯል፣ አዲስ አስሬ ኤ ክሩን ስመታው ደነገጥኩ፣ ሌላ ቤዝ ነው የሚመስለው። ኤክስቴንሽኑንም ኧርዝ ባለው ቀየርነው።
ለካሁትም፣ ሁለቱም 92 ናቸው። ላዝ የነበረው የብሪጅ ፒክአፕ 94 ነበር፣ እንጨቱን ልፈለፍለው ነበር ማለት ነው።