በሞተርሆም የመጸው ቅጠል ልናይ ነው፤ መቼ እንውጣ? በየት በኩል?

ጥያቄ፦ ከማይንዝ

ሰላም ወገኖች። እናቴ በኦክቶበር መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ትመጣለች። ቅጠሉ ሲቀላ ፎቶ በላክሁላት ቁጥር «ይሄ እውነት ቀለሙ ነው ወይስ በስልክ ያሳመርሽው ነው?» ትለኛለች። ዘንድሮ በዓይኗ እንድታየው ፈልገናል። ሞተርሆም (አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና) ተከራይተን ሳምንት ከምናምን ብንዞርስ ብለን አሰብን።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሁለት ልጆች ነን። ልጆቹ 3 እና 5 ዓመታቸው ነው። ትምህርት ስላልጀመሩ ቀኑን የምንመርጠው እኛ ነን፤ ግን የሥራ ፈቃድ አሁን መጠየቅ አለብን። ባለቤቴ የጀርመን የቢ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ሞተርሆም ግን ነድቶ አያውቅም። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ዳገት አይሆንላትም። የጽጌን ጾምም ትጾማለች።

ቅርብ ስለሆነ ሽቫርትስቫልድን (የደቡብ ምዕራብ ጀርመኑን ጥቁር ደን) አስበን ነበር። መቼ፣ የትና በምን ዓይነት መኪና ብንሄድ ይሻላል? ብርዱስ?

መልስ፦ የባዝሉ ሹፌር

እናትሽን በሰላም ያምጣልሽ፣ ልጄ። ለብዙ ዓመት በአልፕስ ተራሮች ላይ ስነዳ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቦታ ከመምረጥሽ በፊት ስለ ከፍታው አስቢ። ቀለሙ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ተራራው ላይ ሌሊቱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ፣ 1,800 ሜትር ላይ ያለው ዛፍ ወርቅ ሲመስል ታች ሸለቆው ገና አረንጓዴ ነው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ከቤቱ አጠገብ ይጀምርና ተራራው ላይ ሲደርስ ቅጠሉ ረግፎ ይጠብቀዋል። እናንተ በኦክቶበር አጋማሽ በቀጥታ ወደ ላይ ውጡ። ከዚያ ቀለሙን እየተከተላችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ቤታችሁ ውረዱ። እንዲህ ካደረጋችሁ መንገዱን ሁሉ ቀለም አታጡም።

ሽቫርትስቫልድ ቆንጆ አገር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አልመርጠውም። አብዛኛው ዛፉ መርፌ ቅጠል ስለሆነ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። ቀለም የሚሰጡት በየመሐሉ ያሉት ናቸው።

እኔ ብሆን ስዊዘርላንድ፣ ኤንጋዲን ነው የምወስዳቸው። እዚያ ላርች የሚባል ዛፍ አለ። እንደ ጥድ መርፌ ቅጠል ያለው ቢሆንም በመጸው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። በኦክቶበር አጋማሽ ሸለቆው በሙሉ ወርቅ ይለብሳል፤ በላዩ ደግሞ በረዶ ያለበት ተራራ ይታያል። ለጉልበታቸው አትስጊ። ከፖንትሬዚና ወደ ሮዜግ ሸለቆ መኪና አይገባም፤ የፈረስ ጋሪ ግን አለ። ወቅቱ ሊያበቃ ስለሚችል ቀድማችሁ ደውሉ። የበርኒና ባቡርም አለ። በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ መስመር ነው፤ በመስኮት ቁጭ ብለው የበረዶ ግግሩን ያያሉ። ከፍታው ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይደለም። ፖንትሬዚና ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከኩር ከተማ በዩሊየር አድርጋችሁ ግቡ። ዓመቱን ሙሉ ክፍት የሚሆን መተላለፊያ ነው። ፉርካን፣ ግሪምዝልንና ዙስተንን አትመኑ፤ በዚያ ሰሞን በረዶ ከጣለ ይዘጋሉ። የስዊዘርላንድ የአውራ ጎዳና ክፍያ 40 ፍራንክ ነው። ለአንድ ቀንም ብትገቡ የዓመቱን ነው የምትከፍሉት።

መልስ፦ ከኢንስብሩክ

ጋሼ ስለ ከፍታው ያሉት ልክ ነው። በቦታው ግን አልስማማም። ከማይንዝ ኤንጋዲን ድረስ ሁለት ሕፃናት ቀበቶ ታስረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተርሆም በሚነዳ ሰው መሄድ አድካሚ ነው። በመጨረሻ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ አለ።

እኔ የምለው ግሮሰር አሆርንቦደን ነው። ኦስትሪያ፣ ቲሮል ውስጥ በካርቬንደል ተራሮች መሐል ያለ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ያረጁ የሜፕል ዛፎች ተበታትነው ቆመዋል። ብዙዎቹ በመቶዎች የሚቆጠር ዓመት ዕድሜ አላቸው። ከመኪናው ወርደሽ ዛፎቹ መሐል ትገቢያለሽ፤ ዳገት የለውም። እናትሽ ወንበር ዘርግተው እንኳ መቀመጥ ይችላሉ። ቀለሙ በኦክቶበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አካባቢ ነው የሚያምረው።

የሚገባው በጀርመን በኩል፣ ከሌንግሪስ በዚልቨንሽታይን ሐይቅ አድርጎ በፎርደሪስ ነው። ስለዚህ የኦስትሪያ የአውራ ጎዳና ቪኜት (የክፍያ ምልክት) አያስፈልግም። ከሂንተሪስ በኋላ ግን መንገዱ የሚከፈልበት ነው። ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜና እሁድ አትሂዱ፤ መኪና ማቆሚያው ይሞላል። በሥራ ቀን በጠዋት ግቡ። እዚያ ማደር አይፈቀድም። በቲሮል ከካምፕ ቦታ ውጪ ካምፕ ማድረግ ያስቀጣል። ሌንግሪስ አካባቢ አድራችሁ በጠዋት መግባት ነው የሚሻለው።

እናትሽ ለጠየቁትም መልስ አለው። ቀለሙ እውነተኛ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል አፍርሶ ጠቃሚውን ወደ ግንዱ ይሰበስባል። ቢጫው ዱሮም ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፤ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው። ቀዩ ግን በዚያ ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሆን ይደምቃል። አውሮፓ ውስጥ የሚበዛው ቢጫ፣ ወርቃማና ቡናማ ነው። ያ እሳት የመሰለው ቀይ በብዛት ያለው በሰሜን አሜሪካ ነው። ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው።

መልስ፦ መካኒኩ፣ ሽቱትጋርት

የትም ሂዱ፣ መጀመሪያ ስለ መኪናው። አምስት ሰው ናችሁ። «ስድስት ሰው ያስተኛል» የሚባል ሞተርሆም አራት የመቀመጫ ቀበቶ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ስትደውሉ «በሊብሬው ላይ ስንት መቀመጫ ተመዝግቧል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሁለቱ ልጆች መቀመጫ የሚሆን ማሰሪያ ከኋላ አለ ወይ? ይህንንም ጠይቁ። ሁሉም ኢሶፊክስ (የልጅ መቀመጫ የሚቆለፍበት ብረት) የላቸውም፤ ወደ ጎን የዞረ ወንበር ላይ ደግሞ የልጅ መቀመጫ አይታሰርም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። በቢ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3.5 ቶን ነው፤ ያውም ከነጭነቱ። ትልቁ መኪና ባዶውን ራሱ ወደዚያ ስለሚጠጋ፣ አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ ምግብና ጋዝ ሲጨመርበት ያልፋል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ታንኩን ሞልታችሁ አትንዱ፤ የምታድሩበት ደርሳችሁ ሙሉት። ከተጫነ በኋላ የተሽከርካሪ ሚዛን ላይ አንዴ ማስመዘን ጥሩ ነው። ስዊዘርላንድ ከገባችሁ ደግሞ ትርፍ ጭነት ቅጣቱ ከባድ ነው።

ለብርዱ፣ ጋዙ ፕሮፔን መሆኑን አረጋግጡ። ቡታን 0 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከጠርሙሱ አይወጣም፤ ማሞቂያው ሌሊት ይጠፋባችኋል። ብዙዎቹ ማሞቂያዎች ደግሞ 3 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የሞቀ ውሃ ማጠራቀሚያውን በራሱ የሚያፈስስ መከላከያ አላቸው። ቧንቧው እንዳይፈነዳ ነው። ጠዋት ከመኪናው ሥር ውሃ ሲፈስ ብታዩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ቤቱን መጀመሪያ አሙቁ፣ ከዚያ መከላከያውን ዝጉ፣ ከዚያ ውሃ ሙሉ።

የመኪናውን ቁመት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ መሪው አጠገብ ለጥፉ። አልኮቨን የሚባለው፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው፣ ከ3 ሜትር በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከማይንዝ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። የቀበቶው ነገር በፍጹም አልታሰበንም ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ወደ አሆርንቦደኑ አዘንብለናል፤ ኤንጋዲን ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ይሁን። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ስንመለስ የት ብናልፍ ቀለም እናገኛለን? ደግሞ እናቴ ያለ ቡና አይሆንላትም። ትንሽ ማንደጃ ይዘን ከሰል ብናቀጣጥል ችግር አለው?

መልስ፦ ነርሷ፣ ሙኒክ

እህቴ፣ ከሰሉን ቤት ተይው። በሞተርሆም ውስጥ ከሰል በፍጹም አይቀጣጠልም። ጭሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፤ ሰውን እንቅልፍ እንደመጣው አድርጎ ነው የሚወስደው። ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በብርድ ምክንያት መስኮት ተዘግቶ፣ ከሕፃናት ጋር! ለዕጣን ብላችሁም አታግቡ። በብርድ ሌሊት ፍሙን ለማሞቂያ ማስገባትማ አይታሰብ። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ በርካሽ ይገዛል፤ ገዝታችሁ አልጋው አጠገብ አድርጉ።

ቡናውን ቤት ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ያዙ። ጀበናው በጋዝ ምድጃው ላይ ይፈላል፤ የጣሪያውን መስኮት ክፈቱ። ሽሮና በርበሬ፣ የተከካ ምስር፣ እንጀራ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከያዛችሁ የጾሙ ነገር አያሳስብም። ጽጌ እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ጉዞው ሁሉ ጾም ውስጥ ነው።

የእናትሽን አልጋ ነገር አደራ። አልኮቨኑ ላይ በመሰላል ነው የሚወጣው። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ከዚያ መውረድ ለጉልበታቸውም ለደኅንነታቸውም አይሆንም። ዝቅ ያለ ቋሚ አልጋ ያለው መኪና ምረጡ። ፓስፖርታቸውንና የቪዛ ኢንሹራንሳቸውን ወረቀት ይያዙ። ኦስትሪያ ሼንገን ውስጥ ስለሆነች ቪዛው ይሠራል፤ ግን ወደ ጀርመን ስትመለሱ ፖሊስ ሊፈትሽ ይችላል።

መልስ፦ የባዝሉ ሹፌር

ጥሩ መርጣችኋል፤ ከልጆች ጋር የኢንስብሩኳ ሐሳብ ይሻላል። ፈቃዱን ከኦክቶበር 8 አካባቢ ጀምራችሁ ሙሉ። በሁለት ቀን ከፍላችሁ ወደ ደቡብ ንዱ፤ ሁለትና ሦስት ቀን ለአሆርንቦደኑ ያዙ፤ ዝናብ ከሆነ የምትጠብቁበት ቀን ይኑራችሁ። በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ አትንዱ።

ከዚያ ወደ ፋልስ፣ ከማይንዝ በስተደቡብ ወዳለው የወይን አገር፣ ተመለሱ። የዶይቸ ቫይንሽትራሰ 85 ኪሎ ሜትር የወይን መንገድ ነው፤ ከ1935 ጀምሮ አለ። ወይኑ ከተለቀመ በኋላ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ እየሆነ ይሄዳል። ለናንተ ደግሞ ሌላ በረከት አለው። ከወይኑ በላይ ባለው የጫካ ጠርዝ ላይ ካስታኒየ (በእንግሊዝኛ ቸስትነት) የሚባል የሚበላ ፍሬ አለ፤ በኦክቶበር መሬት ላይ ይረግፋል። ልጆቹ ይለቅማሉ፣ እናትሽ ይቆሉታል፣ የጾም ምግብ ነው። የሚለቀመው ግን ከወል ጫካ እንጂ ከሰው እርሻ አይደለም።

ማደሪያ አትቸገሩም። የወይን ገበሬዎችና ትንንሽ ከተሞች ሽቴልፕላትስ የሚሉት የሞተርሆም ማቆሚያ አላቸው። ካምፕ ቦታዎች ግን ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ መዝጋት ስለሚጀምሩ ሳትደውሉ አትሂዱ። ጀርመን ውስጥ ካልተከለከለ ተራ ማቆሚያ ላይ ለዕረፍት አንድ ሌሊት ማደር ይቻላል፤ ወንበርና ጥላ መዘርጋት ግን አይፈቀድም። ሰዓት የሚቀየረው በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። እናንተ ከዚያ በፊት ቤታችሁ ትሆናላችሁ።

መልስ፦ መካኒኩ፣ ሽቱትጋርት

አንድ ልጨምር። መኪናውን ስትረከቡ ጣሪያውን ጭምር በቪዲዮ ቅረጹ፤ ጭረቱ ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ። ኢንሹራንሱ ጣሪያና የፊት መስታወት ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ባለቤትሽ ደግሞ መጀመሪያ ባዶ የገበያ ማዕከል ማቆሚያ ውስጥ ወደ ኋላ መንዳት ይለማመድ፤ አንቺ ወርደሽ ከኋላ ቆመሽ ምሪው።