የልጃገረዶች ድብርት፦ ከስልኩ ነው ወይስ ከኑሮው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ፦ «ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ስልክ ቢከለክሉ ልጃገረዶችን ከድብርት መታደግ ይቻላል።»

አባት (አምስት ኪሎ)፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ልጄ ቲክቶክ ላይ የሌሎችን መልክ ስታይ አምሽታ፣ ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ የራሷን ፊት ትነቅፋለች። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ማሳሰቢያ፣ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳልፉ ልጆች ለድብርትና ለጭንቀት ምልክቶች ያላቸው ተጋላጭነት እጥፍ መሆኑን ገልጸዋል።

መምህርት (አራት ኪሎ)፦ ስጋትዎን እጋራለሁ፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። ብቸኝነት የተሰማት ልጅ ራሷ ወደ ስልኳ ልታደላ ስለምትችል፣ እጥፍ መሆኑ ብቻ መንስኤውን አያሳይም። ደግሞም በልጅነት ብዙም የማይለያየው የወንዶችና የሴቶች ድብርት ከጉርምስና በኋላ በሴቶች ላይ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ የታወቀው ዘመናዊ ስልክ ሳይመጣ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱዛን ኖለን ሆክሴማ፣ ያሳዘነን ነገር ደጋግሞ ማብሰልሰል በሴቶች ዘንድ እንደሚበዛና ድብርትን እንደሚያራዝም አስረድተዋል። እኔም የማያት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ወጥ ትሠራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፤ ወንድሟ አጥንቶ ሲተኛ እሷ ገና ደብተሯን ትገልጣለች። ከዚያም ጓደኛዋ የተናገረቻትን አንዲት ቃል ስታወጣ ስታወርድ ታድራለች፤ ለእናቷ ብትነግራት «ምን ጎደለሽ?» ትባላለች። በ2016 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ከፒያሳ ተነሥተው ሌላ ሰፈር የገቡ ልጆችም አብሮ አደጎቻቸውን የሚያገኙት በዚሁ ስልክ ነው።

አባት (አምስት ኪሎ)፦ የቤቱን ሥራ ጫና አልክድም፤ በእኛም ቤት አለ። ክልከላው ግን የትምህርት ሰዓትን ብቻ የሚመለከት በመሆኑ ከአብሮ አደግ አይለያቸውም፤ ቢያንስ በዕረፍት ሰዓት ፊት ለፊት ያነጋግራቸዋል።

የጤና ጣቢያ ነርስ (ካዛንቺስ)፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ ድብርት ሁልጊዜ በእንባ አይገለጥም፤ ቁጣ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ ትወደው የነበረውን ነገር መተው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ቤተሰብ «ጠባይዋ ተበላሸ» ብሎ ይቀጣታል። ጸበል መውሰዳቸውን አልቃወምም፤ ከሐኪም ግን ሊያስቀራት አይገባም። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይሰማብናል ብለው የሚሸሹ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ሕመሙ ግን በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም የሚታከም ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ምስጢር የምትጠብቅ አማካሪ እንድትመደብ የሚጠይቅ ነጥብ ካልታከለበት፣ የቀረበውን ሐሳብ አልደግፈውም።