ሻለቃ አባቴን እንዴት ልሸኘው?

ጥያቄ፦
አባቴ ትናንት ማታ አረፈ። ቀብሩ ነገ 9 ሰዓት ነው። ከሐረር ጦር አካዳሚ የወጣ፣ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ካራማራ የተዋጋ መኮንን ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዙም ማዕረጉም አብሮ ቀረ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው ጫማውን ሳይወለውል ከቤት አይወጣም ነበር። የደንብ ልብሱ ቁምሳጥን ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ኒሻኖቹም አሉ። ወንድሜ "ለብሶት ይቀበር" ይላል። እናቴ ደግሞ "በነጭ ነው የሚገነዘው" ብላ አልሰማ አለች። ምን ብናደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦
ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። እናትሽ ልክ ናቸው፣ በነጭ ይገነዙ። የደንብ ልብሱንና ኒሻኖቹን ከፎቷቸው ጋር የልጅ ልጆች ይዘው ከፊት ይሂዱ። ሳጥኑን ባንዲራ አልብሱት፤ ከመቀበሩ በፊት አንሱና አጥፋችሁ ለእናትሽ ስጡ። ካህናቱን ግን ቀድማችሁ አማክሩ።

መልስ 2፦
የቀድሞው ሠራዊት አባል ነኝ። ልጄ፣ ዋናው የሕይወት ታሪኩ ነው። "አገራቸውን አገልግለዋል" ብላችሁ እንዳታልፉት! ክፍለ ጦራቸውን፣ የዘመቱበትን ግንባር፣ የቆሰሉበትን ቦታ በስሙ ጻፉ። ካራማራን ስትጠሩ የድሉን ቀን፣ የካቲት 26 ቀን 1970ን አትርሱ። ቤት ውስጥ የማያወሩትን ጓዶቻቸው ያውቁታል። የአባትሽን ስልክ ክፈቺና ለጓዶቻቸው ዛሬውኑ ደውይላቸው። በከዘራም ቢሆን ይመጣሉ። ሳጥኑ ሲወርድ ተሰልፈው ሰላምታ እንዲሰጡ ቦታ ይተውላቸው፤ ለእድሩ ሰዎች ንገሪ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴ በባንዲራው ተስማማች። ለጓዶቹ እየደወልኩ ነው። እግሩ ላይ ያለው ጠባሳ የጥይት መሆኑን ገና አሁን ከእነሱ ሰማሁ፤ ለእኛ "ወድቄ ነው" ይለን ነበር። ወንድሜ ይህንንም እየጻፈው ነው።