ማየር የሚለው የጀርመን ስም፦ አራተኛው ቤት ላይ ቆምኩ

ባለቤቴ ጀርመናዊ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ማየር። ለልጃችን በእኔ በኩል ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። በአባቷ በኩል ግን አራተኛው ላይ ቆምን።

ትርጉሙን አግኝቻለሁ። ከላቲኑ «ማዮር» የመጣ ነው። በመካከለኛው ዘመን የባላባቱን መሬት የሚያስተዳድር ሹም ማለት ነበር። በኋላ ገበሬውም በዚሁ ተጠራ። ስለዚህ ጀርመን ውስጥ ማየር የሌለበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል።

ያስቸገረኝ አጻጻፉ ነው። በአማርኛ ሁሉም ያው «ማየር» ነው፤ እነሱ ጋ ግን አራት አምስት ዓይነት አለው። የባለቤቴ አያት የጋብቻ ወረቀት ላይ በኤ እና በአይ (Maier) ተጽፏል። አባታቸው ናቸው ያልናቸው ሰው የ1868 እ.ኤ.አ. የጥምቀት መዝገብ ላይ ደግሞ በኢ እና በዋይ (Meyer)። ያውም በድሮው የእጅ ጽሕፈት፣ ኢ ቁርጥ ኤንን በምትመስልበት! ምስሉን አጉልቼ ሦስት ማታ አፈጠጥኩበት። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንደር፣ ተመሳሳይ መጠሪያ ያለው ሌላ ማየርም ተጠምቋል። የመንግሥት የልደት መዝገብ በመላው ጀርመን የተጀመረው በ1876 ስለሆነ እሱም አያግዘኝም።

እንዲህ ዓይነት ፍለጋ የሠራችሁ፣ ከሁለቱ ማየሮች የእኛ የትኛው እንደሆነ በየትኛው የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ልለየው?