የልጄ መኪና ቻርጀር እግሩ ተሰበረ፣ ቆርጬ ሶኬት ልግጠምበት?

የጎሮ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቷ ከአሜሪካ ስትመጣ ለልጄ መኪና አምጥታላት ነበር፣ ያ ልጆች ተቀምጠው የሚነዱት ባለ 12 ቮልቱ። የቻርጀሩ እግር ጠፍጣፋ ስለሆነ በአዳፕተር ነበር የምሰካው። ትናንት ታናሿ ሽቦውን ስትጎትት አንዱ እግር ከሥሩ ተሰብሮ አዳፕተሩ ውስጥ ቀረ። ጎረቤቴ «ያን ጥቁር ጭንቅላት ቆርጠህ ጣልና ሽቦው ላይ ተራ ሶኬት ግጠምበት፣ አለቀ» አለኝ። ካቻቢቴና ፒንሳ አለኝ፣ ሶኬቱንም ገዝቻለሁ፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ መኪናው ላይ ተቀምጣ በአፏ «ቩምምም» እያለች ነው። ምን ትላላችሁ?

ሽቦ ዘርጊው፦
እንዳትቆርጥ! እጅህ እምቢ ማለቱ ደግ ነው። ያ ጥቁር ጭንቅላት ሶኬት ብቻ አይደለም። የግድግዳውን 220 ቮልት ወደ 12 የሚያወርደው እቃ እሱ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ቆርጠህ ጥለህ ሶኬት ከገጠምክ 220ው ማንም ሳያወርደው በቀጥታ ባትሪው ውስጥ ይገባል፣ ባትሪው ደግሞ ያለው ልጅህ የምትቀመጥበት ወንበር ሥር ነው።

ሶኬት የሚቀየረው ሽቦው ራሱ 220 ተሸክሞ ሲሄድ ነው። ካውያ፣ ምጣድ፣ ወይም ሳጥኑ ሽቦው መሀል ላይ ያለ የላፕቶፕ ቻርጀር (ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ ያለው ሽቦ)። እዚያ ላይ ቡናማው ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ (ኮረንቲ እንዳይዝህ የሚጠብቅህ) ነው። ኧርዙን ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝመው፣ ሽቦው ድንገት ቢጎተት መጨረሻ የሚነቀለው እሱ እንዲሆን። ክሮቹን ጠምዝዘህ አስገባ፣ አንድም ክር ውጪ አይቅር። ሽቦውን አንቆ የሚይዘውን ቁራጭ ብዙ ሰው «ምን ይሠራል» ብሎ ይጥለዋል፣ ሽቦ ሲጎተት ግን የሚያድንህ እሱ ነው።

ላንተ መፍትሔው ሌላ ቻርጀር መግዛት ነው። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ጀርባው ላይ የተጻፈውን አስተያይ፦ መግቢያው 220ን የሚችል፣ መውጫው ቮልቱ እኩል፣ ጫፉ ልክ የሚገባ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን የሚያሳየው ክብ ሥዕልም አንድ ዓይነት። ደግሞ የራውተር ቻርጀር ጫፉ ስለገባልህ ብቻ እንዳትሰካው። እንደ መኪናዋ ያለ የእርሳስ ባትሪ ለመሙላት 14 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። የባትሪ ቻርጀር ላይ 12 ተብሎ ቢጻፍም ሲሞላ ወደዚያ ይደርሳል፣ የራውተሩ ግን 12 ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሻጩን የባትሪ ቻርጀር ነው የምፈልገው በለው።

አዳፕተሩ አሁንም ግድግዳው ላይ ከሆነ የቀረውን እግር በፒንሳ እንዳትነካው። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ።

የመንታዎች እናት፦
እኔ ስለ አሞላሉ ልጨምር። የኛ ባትሪ 7 አምፔር ሰዓት ነው፣ ቻርጀሩ 1 አምፔር፣ ስለዚህ ባዶ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። እኔ ጠዋት ሰክቼ ማታ ሳንተኛ እነቅላለሁ። ሌሊት ተሰክቶ አያድርም፣ ሶፋና ምንጣፍ ላይም አላስቀምጠውም፣ ሊሾው ላይ ነው። ነድተው እንደጨረሱ ወዲያው አልሰካም፣ ባትሪው ይቀዝቅዝ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ነቅላችሁ ጠብቁ፣ ተመልሶ ሲመጣ ዘሎ የሚመጣበት ቀን አለና።

ክረምቱን ሙሉ ባዶውን ማስቀመጥም ባትሪውን ይገድለዋል። ባይነዱትም በወር አንዴ ሙሉት። የመጀመሪያውን የቀበርነው እንደዚያ ነው 😅

ትንንሾቹ የሊትየም ባትሪ ያላቸው መጫወቻዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። የልጄ ሄሊኮፕተር ባትሪ እንደ ዳቦ ኩፍ ብሎ አገኘሁት። እንዲህ ካበጠ ቻርጅ አይደረግም፣ አይወጋም፣ ልጅ እጅ ላይም አይቆይም።

ከቨርጂንያ፦
እኛ ላኪዎቹም ጥፋት አለብን። እኔ ለወንድሜ ልጅ የላክሁት ቻርጀር ላይ 120 ቮልት ብቻ ነበር የተጻፈው፣ አላየሁትም። አዲስ አበባ ደርሶ በአዳፕተር ሲሰኩት ጨሰ። አዳፕተር እኮ እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም! አሁን 100-240 የሚል ካላየሁ ሻንጣ ውስጥ አላስገባም።

የጎሮ አባት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጀርባውን አየሁት፣ 100-240 ይላል፣ መውጫው 12 ቮልት 1 አምፔር። ቅዳሜ አሮጌውን ይዤ መርካቶ እወርዳለሁ። የገዛሁትን ሶኬት ለካውያው አደርገዋለሁ፣ የሱም ከተላጠ ቆይቷል። ለጎረቤቴ የጻፋችሁትን አነበብኩለት። «እኔ ለሬዲዮዬ እንደዚያ ነው ያደረግሁት» አለ። «ታዲያ ይሠራል?» ስለው «አይ፣ ያኔውኑ ነው የተቃጠለው» አይለኝም!