እናቴ ከስትሮክ በኋላ መናገር አቅቷታል፤ የሚያገናኘን አለ?

እናቴን ስትሮክ የመታት በግራ አንጎሏ በኩል ነው። አፌዚያ፣ ማለትም አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የቋንቋ ችግር ነው አሉን። የምንላትን ትረዳለች፤ ቃሉ ግን አይወጣላትም። «ውሃ» ለማለት ትታገላለች፣ «አባታችን ሆይ»ን ግን ከእኛ ጋር እስከ መጨረሻው ትደግማለች።

የስልክ አፕ ሞከርን፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አልጠቀማትም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የልጆቿን ፎቶ ካርቶን ላይ ለጥፈን ስንሰጣት በጣቷ ታሳያለች። እሱ ረድቶናል።

የከበደን ጠያቂ ሲመጣ ነው። አንዳንዱ እንደማትሰማ ይጮህባታል፤ ሌላው እሷ እያለች ስለ እሷ እኛን ይጠይቃል። ሰፈሩን ስታስታርቅ የኖረች ሴት አሁን ቡና ሲፈላ ከጓዳ አትወጣም። አንጀቴን ይበላኛል።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። አፌዚያ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ተገናኝተው በአማርኛ የሚጨዋወቱበት ቦታ የምታውቁ አላችሁ?